ከፑኔ የተደወለ ዋጋ

ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ ሲመለሱ፣ የጭነት መኪናው ጎማ የፈነዳው ሶሎሎ መገንጠያ ሳይደርስ ነበር። ኑርሀን እናቷን ደግፋ ከጋቢናው ማውረዱ ብዙም አላስቸገራትም። የከበዳት ጎማው ከተቀየረ በኋላ መልሶ ማውጣቱ ነው።

የእናቷ የእትዬ ኸይራ ዳሌ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። ማርሳቢት ያለው ሐኪም በየጥቂት ወሩ ያያቸዋል። በዚያ ዘመን፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው መንገድ ድንጋይና አቧራ ብቻ ነበር። አውቶቡስ ሲገኝ በአውቶቡስ፣ ሳይገኝ ደግሞ ከብት አራግፎ ዕቃ ጭኖ በሚመለስ መኪና ጋቢና ይሄዳሉ። የጋቢናው መርገጫ ለጤነኛ ሰው እንኳ ሩቅ ነው።

«ትንሽ ልረፍ» አሉ እትዬ ኸይራ። ሁለት ጊዜ ሞክረው አልሆነላቸውም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነካ አደረገ። ኑርሀን ቀና ብላ ስታየው እጁን መለሰ።

ከጭነቱ አናት ላይ አንድ ወጣት ዘሎ ወረደ። ፀጉሩም ቅንድቡም በአቧራ ቀልቷል። ከላይ የነበሩትን ሰዎች ትልቅ ጥቁር ሻንጣ አስወረዳቸውና ጋቢናው በር ሥር አስተኛው፤ በእጁ ጫን ጫን አድርጎም ሞከረው።

«ማማ፣ እዚህ ላይ ይርገጡ።»

«ሻንጣህ ይሰበራል፣ ልጄ።»

«ውስጡ ልብስ ነው። ልብስ አይሰበርም።»

እትዬ ኸይራ ረገጡ። ሻንጣው ቀጭ አለ፤ እሳቸው ግን ወጡ። ኑርሀን ጎንበስ ብላ ስታይ ክዳኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«ይቅርታ» አለችው። «ሞያሌ ስንደርስ አሠራልሃለሁ።»

«ተይው። ከህንድ አገር ድረስ ሲወረውሩት ነው የመጣው። እዚህ መሰንጠቁ፣ እሷ ጥሩ ዕድል አላት ማለት ነው።»

«እሱ» አለች ኑርሀን። «ሻንጣ እሱ ነው።»

«እሱ» ብሎ ተቀበላትና ተመልሶ ከጭነቱ አናት ወጣ። እስከ ሞያሌ ድረስ ኑርሀን በጎን መስታወቱ ውስጥ የተንጠለጠለ እግሩን ስታይ መጣች። እናቷ አይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ተኝተው ግን አልነበረም።

ቦናያ ይባላል። ሞያሌ አጠገብ ያለው የኦዳ መንደር የቦረና ልጅ ነው። አባቱ ሀልካኖ ቦሪ የሚባል መንደር ከብት ያረባሉ፤ ልጃቸውን ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ድረስ ንግድ ሥራ እንዲማር የላኩት ከዚያው መንጋ እየሸጡ ነው። አማርኛውን የለቀመው በልጅነቱ፣ ከአክስቱ ጋር ድንበር እየተሻገረ ቅቤ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ማድረግ ይቀናዋል። አሁን የመጣው ለአጭር ዕረፍት ነበር።

የኑርሀን አባት ሐጂ ሙሐረም በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር ወርደው ሞያሌ የገቡ፣ በኋላም ወደ ኬንያው በኩል ተሻግረው የጨርቅና የጫማ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። ኑርሀን እዚሁ ኬንያ ተወለደች። ከደንበኛ ጋር ስዋሂሊም ኦሮምኛም ትናገራለች፤ የቤቱና የሱቁ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው።

ቦናያ በማግስቱ ሱቁ መጣ። ሸሚዝ ሊገዛ እንደሆነ ተናገረ። በሦስተኛው ቀን ለአባቱ ሽርጥ፣ ከዚያ ለአክስቱ ሻሽ ሊገዛ መጣ። ኑርሀን ሻሹን ስትጠቀልልለት «ዘመድህ ብዙ ነው» አለችው። «ገና አልጨረስኩም» አላት። ሌላ የተባባሉት ነገር የለም፤ ያን ቀን ግን ኑርሀን ለአንድ ደንበኛ የተለያየ ጫማ ግራና ቀኝ አድርጋ ሰጠች።

በዚያው ሰሞን ነው ሐጂ ሙሐረም ልጃቸውን ጠርተው ያነጋገሯት።

«ሐዋሳ ያለው ወዳጄ ለልጁ ለሙከሚል አንቺን ጠይቆኛል። ልጁን አይቼዋለሁ። ጨዋ ነው፤ የእህል ወፍጮ አለው። ምን ትያለሽ?»

ኑርሀን ምን እንደምትል አላወቀችም። አልፈልግም ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል። ያላት ምክንያት ደግሞ ለራሷም ገና ያልተናገረችው ነበር።

«እማን ማን ማርሳቢት ይወስዳታል?» አለች።

አባቷ ጥያቄውን በቀላሉ አላለፉትም። እውነታቸውን ነው ያሰቡበት። ከጥቂት ቀን በኋላ እራት ላይ «መኪና እገዛለሁ» አሉ። «ሾፌርም እቀጥራለሁ። ያኔ ሐሳብ አይኖርብሽም።»

ኑርሀን በራሷ አፍ የተናገረችው ቃል ዞሮ ያዛት።

ሐጂ ሙሐረም ቦናያን ሱቅ ውስጥ ሲያገኙት ወንበር አቀረቡለት።

«ህንድ አገር መሪው በየት በኩል ነው?»

«እንደ ኬንያ በቀኝ ነው፣ ሐጂ። እነሱም መንገዱን በግራ ነው የሚይዙት።»

«መኪና ርካሽ ነው ይባላል።»

«በጋዜጣ ላይ ሲያስተዋውቁ አያለሁ። ርካሽ ይመስላል። ግን ስለ መኪና የማውቀው ተሳፍሮ መሄዱን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ጠይቅልኝ። ትልቅ አልፈልግም። አጠር ያለች፣ ፎር ዊል የሆነች፣ ሆዷ ከድንጋይ ከፍ ያለ፣ አዲስ። ዋጋዋን እዚህ ሱቅ ስልክ ደውለህ ንገረኝ። እኔ ከሌለሁ ለኑርሀን ንገራት፤ ስልኩ አጠገብ የምትቀመጠው እሷ ናት።»

ቦናያ «እሺ» ያለበት ፍጥነት ሐጂን ደስ አሰኛቸው። ኑርሀን ጨርቅ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም።

የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

«ሀሎ፣ የሐጂ ሙሐረም ሱቅ ነው?»

«ነው። ሻንጣህ ተሠራ?»

መልስ ጠፋ። የባሕር ማዶው ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ የቦናያ ሳቅ የተሰማት እሷ መሳቅ ከጀመረች በኋላ ነበር።

«በገመድ አስሬዋለሁ» አለ። «መኪናዎቹን አየሁ። ሻጩ ሻይ በወተት ጋበዘኝና ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ሀብታም መሰልኩት መሰለኝ።»

«ስንት ነው አለህ?»

«ስድስት ላክ ተኩል ሩፒ።»

«ላኪ?»

«ላክ። መቶ ሺህ ማለት ነው።»

«እኛስ መቶ ሺህ ሽሊንግን ላኪ አይደል የምንለው? ከእኛ ነው የወሰዱት?»

«ወይ እኛ ከነሱ። አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ነጋዴ ናቸው።»

አባቷ ከሱቁ ውስጠኛ ክፍል «ምን አለ?» ብለው ጮክ አሉ። ኑርሀን ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ስድስት ላኪ ተኩል በነሱ ብር» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ቦናያ ነገሩ እንደመሰለው እንዳልሆነ ተናገረ። የመጀመሪያው ዋጋ መኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈው ብቻ ነው። መኪናው ከሱቁ በር ወጥቶ መንገድ እንዲረግጥ ታርጋ፣ የመንገድ ግብር፣ ኢንሹራንስ አለ። «ምንጣፉ እንኳ ለብቻው ነው የሚሸጠው» አላት። «ወደ ውጭ አገር ስለምንወስደው አንዳንዱ ይቀርልናል ይላሉ። የቱ እንደሚቀር ግን አንዱ የሚነግረኝ ከሌላው አይገጥምም።»

«መርገጫውስ?» አለች ኑርሀን።

«ለካሁት። ሜትር ስላልነበረኝ ቀበቶዬን ፈታሁ። ሻጩ ደነገጠ። ከጉልበቴ ዝቅ ይላል። ማማ በደህናው፣ በግራ እግራቸው ቀድመው ከረገጡ፣ ያለ ሰው ይወጣሉ።»

ኑርሀን የእናቷን እግር አሰበች። ዳሌያቸው የታመመው በየትኛው በኩል እንደሆነ አስተውሏል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ ነው ያያቸው።

«ሀሎ? ጠፋሽ?»

«አለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ኑርሀን በእያንዳንዷ መኪና ላይ ጉድለት ማውጣት ጀመረች። አንዷ ሆዷ ዝቅ ይላል። ሌላዋ በሯ ጠባብ ነው። ነጭ ከሆነ አቧራ ያሳያል፤ ጥቁር ከሆነ ፀሐይ ይስባል። የኋላው በር ወዴት ነው የሚከፈተው? ነዳጅስ ምን ያህል ትጠጣለች? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ሐጂ ሙሐረምም ልጃቸው እንዲህ ጠንቃቃ በመሆኗ ይኮሩ ነበር። ኑርሀን ግን መኪናዋ የተመረጠች ዕለት ሁለት ነገር እንደሚያበቃ ታውቃለች፤ የእሑዱ ስልክና እዚህ መኖሯ።

«አሁን ሻጮቹ ሁሉ ስሜን ያውቃሉ» አላት ቦናያ አንድ ቀን። «አንዱ ‹ሚስትህ መቼ ነው የምትወስነው?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

እሱ ያለበት የስልክ ቤት ውስጥ ሒሳቡ እየቆጠረ እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም አላቻኮለችውም።

«ገና ነው አልኩት» አለ።

ያን ማታ እትዬ ኸይራ እግራቸውን በቅባት እያሸች ላለችው ልጃቸው «ኑሬ» አሏት። «ያቺ ህንድ ያለች መኪና ጉድለቷ አያልቅም እንዴ? እኔ አባትሽን ሳገባ ይህን ያህል አልጠየቅኩም።»

ኑርሀን ማሸቷን ቀጠለች። ፊቷ ግን ጋለ።

ከረመዳን በኋላ ሐጂ ሙሐረም ቆረጡ፤ ለሐዋሳው ወዳጃቸውም ቃል ሰጡ። መኪናዋ ለአረፋ ትድረስ፤ ሠርጉ ከዚያ ቀጥሎ ይሁን አሉ። ኑርሀን ቀጣዩን እሑድ አባቷ መስጊድ እስኪሄዱ ጠበቀች። ስልኩ ሲጮህ ወዲያው አነሳችው።

«ቦናያ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ስለ ቀለሙ ከሆነ ግራጫም አለ።»

«ስለ ቀለሙ አይደለም። መኪናዋ የምትገዛው እኔ እንድሄድ ነው። ሐዋሳ፣ አባቴ ቃል የሰጡለት ሰው አለ። እናቴን ማን ይወስዳታል ብዬ ነበር። መኪናዋ መልሱ ናት።»

ከማዶ በኩል የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር» አለች።

«አንቺ ትፈልጊያለሽ?» አላት በመጨረሻ።

«አልፈልግም። አንተ እንድትደውል ነው የምፈልገው።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ይሁን ከከፈተ በኋላ አታውቅም፤ መስመሩ ተቋረጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ አልጮኸም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልጮኸም። ኑርሀን ስልኩን ደጋግማ ታነሳና መስመሩ መሥራቱን ሰምታ መልሳ ታስቀምጣለች። ቦናያ ፈራ አለች በልቧ። ወይም ያሰብኩት ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም።

እንደገና ሲደውል ስልኩን ያነሱት አባቷ ነበሩ። ኑርሀን መሰላል ላይ ሆና ጫማ እየደረደረች ነበርና የአባቷን ድምፅ ብቻ ነው የሰማችው። የቦናያን መልስ በኋላ ራሱ ነገራት።

ሲጠፋ የሰነበተው ከአንዱ የመርከብ ወኪል ወደ ሌላው እየተመላለሰ ነበር። መኪናዋ ከፑኔ ወደብ፣ ከወደብ በመርከብ ሞምባሳ፣ ከዚያ ቀረጥና ግብር ሲደመር ከተለጠፈው ዋጋ እጥፍ ታልፋለች። ለአንድ ሰው ተብላ ለብቻዋ የወጣች መኪና ዋስትናም የላትም።

«ሐጂ፣ አይግዙ» አላቸው። «ናይሮቢ ያገለገለ የጃፓን መኪና ቢፈልጉ ይሻላል።»

«ወራት ሙሉ ርካሽ ነው ስትለኝ ከርመህ?»

«ርካሽ የመሰለኝ ጠይቄ ስላልጨረስኩ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሐጂ ሙሐረም የዕድሜ ልክ ነጋዴ ናቸው። ከዋጋ ጀርባ ሌላ ነገር ሲኖር ይሸታቸዋል።

«መኪናዋ ብትቀር የምትጠቀመው ነገር አለ?»

«አለ» አለ ቦናያ። «ኑርሀን ወደ ሐዋሳ እንድትሄድ አልፈልግም። ይህን አልዋሽዎትም። ዋጋው ግን የነገርኩዎት ነው። ሌላ ሰው ይጠይቁ።»

ሐጂ ሙሐረም ስልኩን ዘጉት። መሰላሉ ላይ ወደቆመችው ልጃቸው ዞሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህን ስልክ አንቺ አታነሺም።»

ናይሮቢ የሚኖር ፖል የሚባል የጉምሩክ አስተላላፊ ያውቁ ነበር፤ ደውለው ጠየቁት። ፖል የነገራቸው ድምር ቦናያ ከነገራቸውም በለጠ። ይህን ለቤተሰቡ አልተናገሩም። መኪናዋ ለጊዜው ትቆይ አሉ፤ ሠርጉም አብሮ ቆየ። ቦናያን ግን ስሙን አላነሱትም።

የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል እትዬ ኸይራ የሐኪም ቀጠሯቸው ደረሰ። ሲመለሱ የተሳፈሩበት መኪና ጥቁር አፈሩ ውስጥ እስከ ጎማው ወገብ ገባ። ወንዶቹ ድንጋይ እየለቀሙ ከጎማው ሥር ሲጨምሩ፣ ሲገፉ፣ ሲጮሁ ዋሉ። እትዬ ኸይራ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። አላለቀሱም፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ግን የኑርሀንን እጅ ይጨብጣሉ።

ኑርሀን አንድ በአንድ አስታወሰችው፤ ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ጠባቡን በር። የህንዱ መኪና ባይሆን እንኳ ያን ጊዜ ሁሉ ሌላ መፈለግ ይቻል ነበር።

«እማ፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት» አለች። «በየሳምንቱ ጉድለት አወጣሁ። ላለመሄድ ብዬ ነው። አንቺን ምክንያት አደረግኩሽ።»

«አውቃለሁ» አሉ እናቷ።

«ታውቂያለሽ?»

«ምክንያት መሆን አያስከፋኝም፤ እናት ለምን ትሆናለች? ለአባትሽ ግን እውነቱን መንገር ነበረብሽ። እሱ ምክንያት ስትሰጪው መፍትሔ የሚፈልግ ሰው ነው። አልፈልግም ብትዪው ኖሮ ምን ይገዛልሻል?»

ኑርሀን ልትስቅ ፈልጋ አለቀሰች። እናቷ ጭቃ በነካው ነጠላቸው ፊቷን ጠረጉላት። ቤት እንደደረሱ ለአባቷ ለመንገር ወሰነች፤ ሲደርሱ ግን ሐጂ ሙሐረም የሚስታቸውን ሁኔታ አይተው ፊታቸው ጠቆረ፣ ኑርሀንም ሳትነግራቸው እናቷን ልታስተኛ ገባች።

ቦናያ በግንቦት ትምህርቱን ጨርሶ ናይሮቢ ገባ። አዳን የሚባል የአጎቱ ልጅ እዚያ ታክሲ ይነዳል። ሁለቱ ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጡበትን ቦታ ሁሉ አዳረሱ። አዳን ከመኪናው ሥር ገብቶ ያያል፤ ቦናያ በሩን ከፍቶ እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሻጮቹ ወገቡን የሚያመው መስሏቸው አዘኑለት።

ከዚያ ወደ ሱቁ ደወለ። ሐጂ ሙሐረም ድምፁን ቢለዩትም አልዘጉበትም።

«አንድ ቪታራ አግኝቻለሁ» አላቸው። «አጭር ነው፣ ፎር ዊል ነው፣ ሞተሩን አዳን አይቶታል። ዋጋው የህንዱ ግማሽ አይሞላም። ከፈለጉ የሚያምኑትን ሰው ልከው ያሳዩት።»

ሐጂ የፖልን ድምር አስታወሱ። «ማንንም አልልክም» አሉ። «ገንዘቡን እልክልሃለሁ፤ ይዘኸው ና።»

ሰማያዊዋ ቪታራ ሞያሌ ስትገባ በአቧራ ምክንያት ቀለሟ አይለይም ነበር። ቦናያና አዳን እየተቀያየሩ ነድተዋት ነው የመጡት። ሱቁ በር ላይ ሲያቆሟት ቦዳ ቦዳዎቹ፣ ሰው የሚያመላልሱት ባለሞተሮች፣ ሳይቀሩ ሞተራቸውን አጥፍተው ከበቧት። ኑርሀን እናቷን ደግፋ ወጣች። ጉንጩ የከሳው ቦናያ የደከሙ አይኖቹን ወደ እሷ አነሳ፤ እሷም አየችው። ከዚያ ሁለቱም ወደ እትዬ ኸይራ ዞሩ።

«ማማ፣ በዚህኛው እግር ይጀምሩ።»

እትዬ ኸይራ የልጃቸውን እጅ ለቀቁ። የበሩን ጫፍ ያዙ፣ ረገጡ፣ ተቀመጡ። ማንም አልነካቸውም። ወንበሩ ላይ ሆነው ነጠላቸውን አስተካከሉና ባላቸውን «ምን ታያለህ? ግባ እንጂ» አሏቸው። የከበበው ሰው ሳቀ።

ሰዉ ሲበተን ሐጂ ሙሐረም ቦናያን ወደ መኪናዋ ኋላ ወሰዱት። ኑርሀን ከበሩ ውስጥ ትሰማለች።

«ይህች መኪና ለምን እንደምትገዛ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አመጣሃት?»

ቦናያ አቧራውን በጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገ። «ኑርሀን ብትሄድም ሐዋሳ ቁጭ ብላ እናቷ ዛሬ በምን ሄዱ፣ ማን አወጣቸው እያለች ነው የምትኖረው። እንደዚያ እንድትኖር አልፈለግኩም። ከእኔ ጋር ባትሆንም።»

ሐጂ ሙሐረም ወደ ቤቱ በር ዞሩ። «ግባና እጅህን ታጠብ፤ ምሳ ቀርቧል» ብቻ አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ኑርሀን አባቷ ሱቁን ሳይከፍቱ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ባለፈው ዓመት የጠየቁኝን ዛሬ ልመልስልዎ። ሙከሚልን አላውቀውም፤ ክፉም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን አልፈልገውም። በእማ ምክንያት አይደለም። እማ ነገ ተነስታ ብትሮጥም አልሄድም።»

«ቦናያ ነው?»

«ቦናያ ነው።»

«ቃል ሰጥቻለሁ እኮ፣ ኑርሀን። ነጋዴ ከቃሉ ሌላ ምን አለው?»

«አውቃለሁ። ያኔ እውነቱን ብነግርዎ ቃሉን ባልሰጡ ነበር። ያሳፈርኩዎ እኔ ነኝ።»

ሐጂ ሙሐረም ቁልፉን በእጃቸው ላይ ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ሱቁን ሳይከፍቱ ወደ ቤት ተመለሱ። በዚያው ሳምንት ድንበሩን ተሻግረው፣ በአውቶቡስ ወደ ሐዋሳ ሄዱ። በስልክ መናገር ይችሉ ነበር። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም ብለው ነው የሄዱት።

ሲመለሱ ደክመው ነበር። ሚስታቸው ውሃ ሰጧቸው፤ ጠጡ።

«ምን አሉህ?»

«ወዳጄ ተቀይሞኛል። ሠላሳ ዓመት አብረን ነግደናል፤ ቀን ይፈታው ይሆናል። ልጁ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኝ። ሻንጣዬን ራሱ ያዘልኝ። ደስ አላለውም፤ ግን ክፉ ቃል አልወጣውም።» ወደ ኑርሀን አዩ። «ጨዋ ነው ብዬሽ ነበር። አልዋሸሁሽም።»

«አልዋሹኝም፣ አባ» አለች ኑርሀን። ለማታውቀው ሰው ከልቧ አዘነች።

«ያ ልጅ ሽማግሌ ይላክ» አሉ ሐጂ። «እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ ስልክ አላምንም።»

የኦዳ ሽማግሌዎች መጡ። ሀልካኖም ከቦሪ መጡ። ሁለቱ አባቶች ስለ ጥሎሽ ሲነጋገሩ ቶሎ የተግባቡት ሁለቱም ዋጋ መከራከር ስለሚወዱና ሁለቱም ክርክሩ ካለቀ በኋላ ስለሚስቁ ነው። ቦናያ ከብት ወደ ናይሮቢ የሚልኩ ነጋዴዎች ባቋቋሙት ማኅበር ውስጥ ሥራ አገኘ። ፑኔ ያለ አንድ ድርጅትም ሊቀጥረው ፈልጎ ነበር፤ ሞያሌ እቀራለሁ ብሎ መለሰላቸው። ሠርጉ ከረመዳን በፊት ሆነ።

ሾፌር የመቅጠሩ ነገር ቀረ። ኑርሀን ራሷ ልማር አለች። ሐጂ ሙሐረም መጀመሪያ ሰው ምን ይላል አሉ፤ እትዬ ኸይራ «ሰው ማርሳቢት ይወስደኛል?» ሲሏቸው ተዉት። ከሰዓት በኋላ በሜዳው ላይ ቦናያ አጠገቧ ተቀምጦ ያስተምራታል፤ እሱም በቅርቡ ከአዳን የተማረ ስለሆነ ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። እትዬ ኸይራ የኋላ ወንበር ላይ ሆነው ካላየሁ ብለዋል።

«ፍሬን ያዣት» ይላል ቦናያ።

«ያዢው» ትላለች ኑርሀን። «ፍሬን እሱ ነው።»

«መጀመሪያ ያዢው፣ ከዚያ ታርሚኛለሽ።»

መንጃ ፈቃዷን አግኝታ፣ እናቷንም አንድ ጊዜ ማርሳቢት ወስዳ ከመለሰች በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቦሪ ነዱ። ቦናያ በጎኗ ነበር፤ መሪውን የያዘችው ግን እሷ ናት። መንደሩ ሲደርሱ ሰዉ ወጣ። ኑርሀን ሻሿን አስተካክላ ወረደች፤ የባሏን ዘመዶች ሰላም ማለቱ ከመንዳቱ ይልቅ አስፈራት። በጨርቅ ነጋዴ ልጅነቷ፣ በአነጋገሯ፣ በአለባበሷ እንግዳ እንደሆነች ታውቃለች። ወተት ቀረበላት፤ ከሁሉም የተሻለው በርጩማም ለእሷ ሆነ። ለእንግዳ እንደሚደረገው ሁሉ ተደረገላት፤ ደስም አላት፣ ትንሽም ከፋት።

ሀልካኖ በትራቸውን ይዘው መኪናዋን ዞሩ። ጎማውን በበትራቸው መታ መታ አደረጉ። ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩ።

«ስንት ጊደር ናት?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። ቦናያ አስቦ ነገራቸው። ሽማግሌው ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ፤ ይወደድ ይርከስ አልታወቀም።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ኑርሀንና ቦናያ ለመሄድ ተነሱ። ሀልካኖ አንዲት አሮጊት እጅ ይዘው መጡ፤ ታላቅ እህታቸው ሀቢቦ ናቸው። ቦናያ በልጅነቱ ቅቤ ሲሸጥ ድንበሩን አብረውት ይሻገሩ የነበሩት አክስቱ። ከአሮጊቷ ኋላ ሁለት ፍየሎች በገመድ ይጎተታሉ።

ቦናያ ሊያናግራቸው ዞረ። ሽማግሌው ግን አልፈውት በኑርሀን በኩል ወዳለው መስኮት መጡ። በቦረና አነጋገር፣ ለገዛ ልጆቻቸው በሚናገሩበት ድምፅ፣ አዘዟት።

«አክስትሽን ኦዳ አውርጃት። ፍየሎቹን ከኋላ ጫኛቸው። ስትነጂ ቀስ በዪ፤ ጀርባዋን ያማታል።»

ብትችዪ፣ ባይከብድሽ አላሉም። እንግዳን ማንም እንዲህ አያዝም።

«እሺ፣ አባ» አለች ኑርሀን በእሳቸው ቋንቋ። ወርዳ የኋላውን በር ከፈተች፤ ቦናያ ፍየሎቹን ሲያነሳ ሳቁን መደበቅ አቃተው። እሷ አልሳቀችም። የአሮጊቷን እጅ ያዘችና «በዚህኛው እግር ይጀምሩ» አለቻቸው።